ውድ ጫማ ከሠራተኛ ሰፈር፦ የኖርዝሃምፕተን የፋብሪካ ሱቆች

ኖርዝሃምፕተን በእንግሊዝ እምብርት፣ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኝ የሠራተኞች ከተማ ናት። የሕዝቧ ቁጥር 240 ሺህ ገደማ ነው። ኤም 1 የተባለው ታላቁ አውራ ጎዳና በአጠገቧ ስለሚያልፍ ዙሪያዋን የዕቃ መጋዘኖች ከበዋታል፤ ከነዋሪዎቿም ብዙዎቹ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት ዕቃ በመጫን፣ በመደርደርና በማጓጓዝ ነው። በዚያች አገር «ሲቲ» የሚባለው ከፍተኛው የከተማ ማዕረግ በዘውዱ ፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን፣ በፈረንጆቹ 2022 ጎረቤቷ ሚልተን ኪንስ ይህን ማዕረግ ስታገኝ ኖርዝሃምፕተን አመልክታ ሳይሳካላት ቀርቷል።

ወደዚህች ከተማ የመጣ እንግዳ «ጥራት ያለው ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ «ወደ ሚልተን ኪንስ ሂድ፤ ካልሆነም ባቡር ተሳፍረህ ለንደን ግባ» የሚል ነው። መልሱ ያለ ምክንያት አይደለም። አቢንግተን በተባለው ዋና የገበያ ጎዳና ላይ የነበረው የማርክስ ኤንድ ስፔንሰር መደብር እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቷል። ደብናምስ የተባለው ታዋቂ መደብርም ድርጅቱ በመላ አገሪቱ ሲፈርስ በ2021 በሩን ዘግቷል። በዚያው በ2018 የካቲት ወር ደግሞ አውራጃውን ያስተዳድር የነበረው ምክር ቤት ካዝናው ባዶ መሆኑን በይፋ አስታውቆ፣ በሕግ ከሚገደድበት በስተቀር ማናቸውንም አዲስ ወጪ አግዷል። ከ1235 ጀምሮ ገበያ ሲቆምበት የኖረው ሰፊው አደባባይ ዛሬም አለ፤ ነገር ግን ከዚያ የሚገዛው አትክልትና ፍራፍሬ፣ ርካሽ ልብስና የስልክ መሸፈኛ እንጂ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

እንግዲህ በዱባይ ወይም በዶሃ የገበያ ማዕከላት የእብነ በረድ ወለልና የመብራት ጎርፍ የለመደ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ሆኖም በቶኪዮ፣ በፓሪስም ሆነ በኒውዮርክ ስለ መልካም ጫማ የሚያውቁ ሰዎች የዚህችን ከተማ ስም በአክብሮት ያነሳሉ። በዓለም ላይ ከሚሸጡት ምርጥ የወንድ ጫማዎች ከፊሎቹ የሚሠሩት በዚሁ ስለሆነ ነው። የሚሸጡበትን ስፍራ ለማግኘት ግን ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ትናንሽ የቀይ ጡብ ቤቶች ወደተደረደሩባቸው የሠራተኛ ሰፈሮች መዝለቅ ያስፈልጋል።

ፔሪ ስትሪት የተባለው ጎዳና ከእነዚህ አንዱ ነው። በአንዱ ቤት መስኮት መጋረጃ፣ በሌላው ደጃፍ የቆሻሻ መጣያ ይታያል፤ ከእነዚህ መካከል ሰፋፊ መስኮቶች ያሉት ትልቅ የጡብ ሕንፃ ድንገት ብቅ ይላል። ይህ የክሮኬት ኤንድ ጆንስ ጫማ ፋብሪካ ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1879 የመሠረቱት ቻርልስ ጆንስና ጄምስ ክሮኬት የተባሉ አማቾች ሲሆኑ፣ መነሻ ገንዘባቸውም በሰር ቶማስ ኋይት ስም ከተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያገኙት እያንዳንዱ 100 ፓውንድ ነበር። ድርጅቱ መልካም ጠባይ ያላቸው ወጣቶች የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ የሚረዳ ነበር። ዛሬ በዚያ 100 ፓውንድ የአንድ እግራቸውን ጫማ እንኳ መግዛት አይቻልም። ፋብሪካው አሁንም ከመሥራቾቹ ቤተሰብ እጅ አልወጣም፤ በ2012 በወጣው «ስካይፎል» በተባለው ፊልም ተዋናዩ ዳንኤል ክሬግ ጄምስ ቦንድን ሆኖ ሲሮጥ በእግሩ ያጠለቀው ጫማም የእነርሱ ነው።

ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም። በ1829 የተመሠረተው ትሪከርስ በሴንት ማይክልስ ጎዳና፣ በ1873 የተመሠረተው ቸርችስ በሴንት ጄምስ ጎዳና ይገኛሉ። ኤድዋርድ ግሪን የተባለው፣ ከሁሉም ይልቅ ጥቂት በማምረት የሚታወቀው ድርጅት፣ ከ1890 ጀምሮ የቆየ ነው። የፈረንሳዩ ኸርሜስ ንብረት የሆነው ጆን ሎብም ተዘጋጅተው የሚሸጡ ጫማዎቹን የሚያሠራው በዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ መካከለኛ ከተማ ውስጥ ተሰባስበው ሳለ፣ የከተማው ሰው «እዚህ ጥሩ ሱቅ የለም» ማለቱ ለጆሮ እንግዳ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሱቆቹ ራሳቸውን ለማሳየት የሚጥሩ አይደሉም። የፋብሪካ ሱቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው ሥር ወይም ጎን ያለ አንድ ክፍል ነው፤ በመደርደሪያ ላይ ሣጥን በሣጥን ላይ ተከምሮበታል፣ ሽታው የቆዳና የሰም ነው። በየቀኑ የማይከፈቱ ስላሉ አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። በር ላይ ቆሞ የገቢውን አለባበስ የሚመረምር ዘበኛ የለም።

ለመሆኑ ጫማ እዚህ ቦታ ላይ ለምን ሥር ሰደደ? አካባቢው ለከብት ግጦሽ የተመቸ ነበር፤ ከብት ባለበት ቆዳ አለ። ቆዳ የሚለፋበት ቅርፊት ከዋርካ መሰል የኦክ ዛፎች፣ ውሃው ከኔን ወንዝ ይገኝ ነበር። ከተማዋም በአገሪቱ መካከል ስለሆነች የተሠራውን ወደ አራቱም ማዕዘን ለመላክ አመቺ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1642 ዐሥራ ሦስት የኖርዝሃምፕተን ጫማ ሰፊዎች ለሠራዊት 4,000 ጥንድ ጫማና 600 ጥንድ ቦቲ ለማቅረብ ተዋውለዋል። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ በተዋጋችበት ሁሉ የኖርዝሃምፕተን እጅ አለበት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ከዚህ አውራጃ የወጣው የወታደር ቦቲ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሥራው ገና በየቤቱ፣ በየጓሮው ይሠራ ስለነበር የስፌት መኪና ሲመጣ ሰፊዎቹ «እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» ብለው ከ1857 እስከ 1859 ታግለውታል። አላሸነፉም። መኪናው ገባ፣ ፋብሪካው ተሠራ፣ በፋብሪካው ዙሪያም ዛሬ የምናያቸው የጡብ ቤቶች ለሠራተኛው ተደረደሩ።

የከተማዋ እግር ኳስ ቡድን ቅጽል ስም «ጫማ ሰፊዎቹ» ነው። ደጋፊው በኩራት የሚጠራበት ስም ነው። ይህን ስንሰማ የእኛን አገር ማሰባችን አይቀርም፤ ቆዳ የሚያለፋ ሰው «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጥ «ቀጥቃጭ» እየተባለ በሙያው የሚሰደብበት ዘመን ረጅም ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል።

ወደ ዋጋው ከመሄዳችን በፊት ገዢው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ መረዳት አለብን፤ የውድ ዕቃ ነገር ሳይታወቅ ዋጋው ብቻ ሲወራ ቅንጦት ሁሉ ማታለል ይመስላልና። ሥራው የሚጀምረው ከቆዳ ቆራጩ ነው። እንግሊዞች «ክሊከር» ይሉታል፤ ስሙ ቢላዋው ከቆዳው ሲላቀቅ ከሚያሰማው «ቅጭ» የሚል ድምፅ የወጣ ነው ይባላል። የጥጃ ቆዳ እንደ ጨርቅ ወጥ አይደለም። ከጀርባ በኩል ጥብቅና ጠንካራ፣ ከሆድ በኩል ልልና ተለጣጭ ነው፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ እሾህ የቧጨረው፣ ትንኝ የነከሰው፣ የደም ሥሩ የጎላበት ስፍራ ሁሉ በላዩ ተጽፏል። ቆራጩ ይህን በዓይኑና በጣቱ ያነባል። የጫማው አፍንጫ ከምርጡ ስፍራ፣ የማይታየው ክፍል ከደከመው ስፍራ እንዲወጣ አድርጎ ይቆርጣል፤ የግራውና የቀኙ እግር መልክ እንዲመሳሰልም ያጣምራል። ቆራጭ በአንድ ወር ሥልጠና አይገኝም፤ ዓመታት ይፈልጋል።

የተቆረጠው ቆዳ ከዚያ ወደ ስፌት ክፍል ያልፋል፤ በዚህ ክፍል ከጥንት ጀምሮ በብዛት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የተሰፋው የላይኛው ቆዳ በፎርማ ላይ ይወጠርና ቅርጹን እስኪይዝ ይቆያል። ዋናው ምስጢር የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ርካሽ ጫማ ሶሉ በማስቲሽ ይጣበቃል፤ ሲለቅ ወይም ሲያልቅ ጫማው አበቃለት። በኖርዝሃምፕተን ግን «ዌልት» የሚባል ቀጭን የቆዳ ጠርዝ በጫማው ዙሪያ ከላይኛው ቆዳና ከውስጥ መርገጫው ጋር ይሰፋል፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት በቡሽ ይሞላል፤ ከታች ያለው ሶል ደግሞ ከዚያ ጠርዝ ጋር በሌላ ስፌት ይያያዛል። ይህን የሚሰፋው መኪና በ19ኛው መቶ ዘመን የተፈለሰፈ ሲሆን የሚጠራበት ስም የቻርልስ ጉድይር ነው፤ የጎማ ጉድይር የተሰየመበት ሰው ልጅ ማለት ነው። ጥቅሙ ሶሉ ሲያልቅ የታችኛው ስፌት ብቻ ተተርትሮ፣ የላይኛው ሳይነካ፣ አዲስ ሶል ሊተካ መቻሉ ነው። ቸርችስ አንድ ጥንድ ጫማ 250 ያህል የሥራ እርምጃዎችና እስከ ስምንት ሳምንት የሚደርስ ጊዜ እንደሚወስድበት ይገልጻል።

በዚህ መንገድ የተሠራ ጫማ በለንደን መደብሮች ከ500 እስከ 1,000 ፓውንድ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይሸጣል። የፋብሪካውን ሱቅ ጠቃሚ የሚያደርገው እዚያ «ሁለተኛ ደረጃ» ተብሎ የሚሸጠው ጫማ ነው። ይህ ጫማ የተሰበረ ወይም የሚያፈስ አይደለም፤ የፋብሪካው መርማሪ በአንድ እግር ላይ ቀጭን ጭረት ወይም የደም ሥር ምልክት ያየበት፣ የሁለቱ እግሮች ቀለም በጥቂቱ የተለያየበት፣ ወይም አንድ ስፌት ከመስመሩ ጥቂት የወጣበት ነው። ተራ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን ቢፈልገውም አያገኘውም። ከመደበኛው ዋጋ ጉልህ ቅናሽ ስላለው ግን ከሩቅ አገር ሳይቀር ባዶ ሻንጣ ይዘው የሚመጡ ገዢዎች አሉ። ለሚሄድ ሰው ሁለት ምክር እንለግስ። አንደኛ፣ ጉድለቱ የቱ ላይ እንደሆነ ሻጩን በግልጽ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቆዳው በሚታጠፍበት ስፍራ ያለ ጭረት ከታኮው ላይ ካለው የበለጠ ያሳስባል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን በእንግሊዝ መለኪያ ማወቅ ይገባል፤ በእኛ ዘንድ 42 የሚባለው በእነርሱ 8 ገደማ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈው ፊደል ደግሞ የእግርን ስፋት ያመለክታል፤ ጫማው የተሠራበት የፎርማ ቁጥርም አብሮ ይጻፋል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ፎርማው ካልተስማማ ጫማው ከቤት አይወጣም።

ይሁንና ከዚህ በላይ ከባድ የሆነ ሒሳብ አለ። በብሪታንያ ከ21 ዓመት በላይ ለሆነ ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከአፕሪል 2025 ጀምሮ 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ ነበር። በዚህ ክፍያ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግብር ሳይቀነስበት የሚያገኘው 488 ፓውንድ ነው። ስለዚህ በከተማዋ መጋዘኖች ዕቃ የሚደረድር ሰው የከተማውን ዝነኛ ጫማ ለመግዛት ከአንድ ሳምንት በላይ፣ ምናልባትም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ መሥራት አለበት። «እዚህ ጥሩ ሱቅ የለም» የሚለው የከተማው ሰው አነጋገር ይህን ሲያስቡት ትርጉም ያገኛል። ሱቁ አለ፤ ለእርሱ የተከፈተ ሆኖ አይሰማውም እንጂ። በእኛ ግምት ሁለተኛ ደረጃው ጫማ ለዚህ ክፍተት ከሁሉ የተሻለ ድልድይ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ለሠርጉ ወይም ለልጁ ምርቃት አንድ ጊዜ ገዝቶ ሃያ ዓመት ሊጫማው ይችላልና።

ክብሩና ትርፉ ወደየት እንደሚሄድ መጠየቅም አይቀርም። ቸርችስን እ.ኤ.አ. በ1999 የጣሊያኑ ፕራዳ ገዝቶታል። የውጭ ገንዘብ መግባቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ፋብሪካውም ከቦታው አልተነቀለም። የሚያስፈራው ሌላው መንገድ ነው። ከኖርዝሃምፕተን ብዙም በማትርቀው ዎላስተን የተባለች መንደር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1960 የመጀመሪያው ዶክተር ማርተንስ ቦቲ ተሠራ። የፖስታ አመላላሽና የፋብሪካ ሠራተኛ የሚጫማው ርካሽና ጠንካራ ቦቲ ነበር። በኋላ ወጣቱ ሁሉ ወደደው፣ ዓለምን ዞረ። በ2003 ግን ምርቱ ወደ እስያ ተዛወረ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞችም ሥራ አጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዎላስተን አነስተኛ ምርት እንደገና ተጀምሯል፤ አሁን ግን «በእንግሊዝ የተሠራ» ተብሎ ከሌላው በላቀ ዋጋ ይሸጣል። የፖስተኛው ቦቲ፣ በተወለደበት መንደር ሲሠራ፣ የቅንጦት ዕቃ ሆኗል። በተቃራኒው በ2009 ከቸርች ቤተሰብ የሆኑ ሁለት ሰዎች በዴዝቦሮ የሚገኘውን ቺኒ የተባለ ፋብሪካ ከፕራዳ መልሰው ገዝተውታል።

ከተማዋ ከሸጠቻቸው ነገሮች ሁሉ ውዱ ጫማ አለመሆኑንም መጥቀስ ተገቢ ነው። በከተማዋ ቤተ መዘክር ሴኽምካ የተባለ የጥንታዊ ግብፅ ጸሐፊ ሐውልት ነበር፤ ዕድሜው ከ4,000 ዓመት በላይ ነው። የከተማው ምክር ቤት ቤተ መዘክሩን ለማስፋፋት ገንዘብ ስለፈለገ በሐምሌ 2014 ለንደን ውስጥ በጨረታ አቀረበው፤ 15 ነጥብ 76 ሚሊዮን ፓውንድም አወጣ። ግብፅ ሽያጩን አጥብቃ ተቃውማለች፤ ቤተ መዘክሩም በዚህ ምክንያት የነበረውን ይፋዊ እውቅና ለዓመታት ተነጥቋል። በ2021 ተስፋፍቶ የተከፈተው ቤተ መዘክር ዛሬ ከ15,000 የሚበልጡ ጫማዎችን የያዘ ስብስብ አለው፤ በዓለም ላይ ከታወቁት የጫማ ስብስቦች ዋነኛው ነው። የሌላ አገርን ቅርስ ሸጦ የራስን ቅርስ ማስቀመጥ የሚያኮራ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅርብ የሚሆነው ነገር ቆዳው ነው። የኖርዝሃምፕተን ፋብሪካዎች ለጫማቸው በአብዛኛው የሚመርጡት የአውሮፓ የጥጃ ቆዳ ነው፤ የእኛ የደጋ በግ ቆዳ ግን ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ በእንግሊዝ የእጅ ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲፈለግ ኖሯል። በ1826 የተመሠረተው የዮቪል ከተማው ፒታርድስ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከኢትዮጵያ ቆዳ ሲገዛ ቆይቶ፣ በሞጆ አቅራቢያ ኤጀርሳ ያለውን የቆዳ ፋብሪካ እስከ መያዝ ደርሶ ነበር። በ2023 የእንግሊዙ ድርጅት ከሰረና ተዘጋ። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሙያ በአንድ መጸው ሲበተን ማየት፣ ኖርዝሃምፕተን ስንት ጊዜ ከዚያው ገደል አፋፍ እንደተመለሰች ለመገመት ይረዳል።

አሁን ፋብሪካዎቹን የሚያስጨንቀው ገዢ ማጣት ብቻ አይደለም። ቆዳ በጣቱ የሚያነብ ቆራጭ፣ ዌልቱን እጁ ሳይንቀጠቀጥ የሚያዞር ሰፊ ጡረታ ሲወጣ በወንበሩ የሚቀመጥ ወጣት ያስፈልጋል። መጋዘኑ ወጣቱን በሳምንት ውስጥ አሠልጥኖ ደመወዝ ይከፍለዋል፤ ፋብሪካው ግን ዓመታት ጠብቅ ይለዋል። አባትና ልጅ፣ እናትና ሴት ልጅ በአንድ ክፍል ሲሠሩ የሚገኙባቸው ፋብሪካዎች እስካሁን የቆዩት በአብዛኛው በዚህ የቤተሰብ ውርስ ነው።

ከእነዚህ ሠራተኞች የተወሰኑት አዲስ ጫማ አይሠሩም፤ የአሮጌውን ሶል ይተካሉ። ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በፊት የተሸጡ ጫማዎች በሣጥን ታሽገው ከየአገሩ በፖስታ ይመጣሉ፤ ሶላቸው ሳስቷል፣ ታኮአቸው በአንድ ወገን አልቋል፣ የላይኛው ቆዳ የማያውቁትን ሰው የእግር ጣቶች ቅርጽ ይዟል። ሠራተኛው የፎርማውን ቁጥር ከውስጥ ያነብና ከመደርደሪያ ያንኑ ፎርማ አውርዶ ጫማውን መልሶ ያለብሰዋል፤ ቡሹን ይቀይራል፣ አዲሱን ሶል ይሰፋል፣ ጠርዙን በሰም ያሻል። ሣጥኑ እንደገና ይታሸግና በጡብ ቤቶቹ መካከል አልፎ ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳል።